ያገለገለ የጊታር አምፕ አተኑዌተርና ስፒከር ሲሙሌተር አሻሻጥ፦ ከፍተሻ እስከ ርክክብ

«ከውጭ የመጣ አተኑዌተር አለኝ፤ አሁን አልጠቀምበትም። እንዴት ልሽጠው?» ይህ ጥያቄ በቴሌግራም ደጋግሞ ይደርሰኛል። የሚጠይቁኝ ስቱዲዮ ያላቸው፣ ባንድ ውስጥ የሚጫወቱ፣ ከአሜሪካ ሲመለሱ በሻንጣ ይዘው የገቡ ሰዎች ናቸው። ለእያንዳንዱ ለየብቻ ስመልስ ከረምኩ። አሁን ሁሉንም አንድ ቦታ አስቀምጬዋለሁ።

ጊታር ስትሸጡ ገዢው ይዞ ይሞክረዋል፣ ከወደደው ከፍሎ ይሄዳል፣ አለቀ። ይህ ሳጥን እንደዚያ አይደለም። ያለቦታው ከተገጠመ ከራሱ ዋጋ በብዙ እጥፍ የሚበልጥ አምፕ ያቃጥላል። አምፑ የተቃጠለበት ሰው ደግሞ መጀመሪያ የሚደውለው ለሻጩ ነው። ስለዚህ ስለ ዋጋ ከማሰባችሁ በፊት ሁለት ቁጥር በቃላችሁ ያዙ፤ ኦሙን (አምፑ፣ ሳጥኑና ስፒከሩ የሚገጣጠሙበትን የኤሌክትሪክ መቋቋም ልክ) እና ዋቱን (የኃይል ልኩን)። ከታች ያለው ሁሉ በእነዚህ ሁለት ቁጥሮች ዙሪያ ነው የሚዞረው።

የምትሸጡት ዕቃ ምን ይሠራል?

ለገዢ በሁለት ዓረፍተ ነገር ማስረዳት መቻል አለባችሁ። አተኑዌተር በአምፑና በስፒከሩ መካከል ይገባል፤ የአምፑን ኃይል ይወስድና አብዛኛውን ወደ ሙቀት ይለውጣል፣ ጥቂቱን ብቻ ለስፒከሩ ያሳልፋል። ስፒከር ሲሙሌተር ደግሞ ያንኑ ድምፅ በስፒከርና በማይክ ያለፈ አስመስሎ በቀጥታ ወደ ሚክሰር ወይም ወደ ሳውንድ ካርድ ይልካል።

ብዙዎቹ ሳጥኖች ሁለቱንም ሥራ ይሠራሉ። ለምሳሌ ቱ ኖትስ የተባለው ኩባንያ የሚሠራው ቶርፒዶ ካፕተር 100 ዋት ይችላል፤ ወደ ስፒከር የሚወጣውን በ20 ዴሲቤል ይቀንሳል፤ ሲሙሌተርም አለው። አንዳንዶቹ ግን ድምፅ ከመቀነስ በቀር ሌላ ሥራ የላቸውም። ሌሎቹ ደግሞ ለስፒከር ምንም አያሳልፉም፣ ኃይሉን በሙሉ ውጠው ወደ ሚክሰር ብቻ ይልካሉ። የእናንተው የትኛው እንደሆነ ሳታውቁ ማስታወቂያ አትጻፉ።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ሳጥኑና አብሮት የመጣው አዳፕተር፣ ካለም ካርቶኑና የመመሪያ ወረቀቱ
- በደህና የሚሠራ ቲዩብ አምፕ (አምፖል በሚመስሉ የመስታወት ቲዩቦች የሚሠራው ዓይነት) እና ስፒከር፣ ኦማቸው ከሳጥኑ ጋር የሚገጥም (ከሌላችሁ ከጓደኛ ተዋሱ)
- ሁለት የስፒከር ገመድ
- አንድ የጊታር ገመድና አንድ የማይክ ገመድ
- ሚክሰር ወይም ሳውንድ ካርድ
- ቴስተር፣ ተራው ይበቃል
- ለስላሳ ጨርቅ፣ ደረቅ የቀለም ብሩሽ፣ ለኤሌክትሮኒክስ የሚሆን ኮንታክት ክሊነር
- ስልክ፣ ለፎቶና ለቪዲዮ
- ዕቃው የሚላክ ከሆነ ሁለት ካርቶን፣ ስፖንጅና ፕላስተር

ስለ ገመዱ ትንሽ ልበል፤ እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። የስፒከር ገመድና የጊታር ገመድ ጫፋቸው አንድ ዓይነት ጃክ ነው። ከውጭ አይቶ መለየት ይከብዳል። የጃኩን ሽፋን በእጃችሁ ፍቱትና ውስጡን እዩ። እኩል የሚወፍሩ ሁለት ሽቦዎች ጎን ለጎን ከተበየዱ የስፒከር ገመድ ነው። አንድ ቀጭን ሽቦ መሐል ላይ ሆኖ ዙሪያውን እንደ ሹሩባ የተጎነጎነ መረብ ከከበበው የጊታር ገመድ ነው። ያ ቀጭን ሽቦ የአምፕን ኃይል አይችልም። ይግላል፣ ሊቀልጥም ይችላል፤ ሲቀልጥ ደግሞ አምፑ ያለ ሎድ፣ ማለትም ኃይሉን የሚቀበለው ሳይኖር ይቀራል።

ማስጠንቀቂያ፦ እነዚህን ሦስቱን ሳታነቡ ምንም አትሰኩ

ቲዩብ አምፕን ያለ ሎድ አታብሩ። ሎድ ማለት ኃይሉን የሚቀበለው ነገር ነው፤ ስፒከር ወይም ይህ ሳጥን። የሚቀበለው ካጣ በአውትፑት ትራንስፎርመሩ (ኃይሉን ከቲዩቡ ወደ ስፒከሩ በሚያሻግረው የአምፑ ክፍል) ውስጥ ከፍተኛ ቮልቴጅ ይፈጠራል፤ ትራንስፎርመሩም ቲዩቡም ሊቃጠሉ ይችላሉ። ትራንስፎርመር ደግሞ በቀላሉ የሚገኝ ዕቃ አይደለም።

«ስፒከር አውት» የሚለው ቀዳዳ ከስፒከር በቀር ሌላ ነገር አይገባበትም። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ልጅ ሚክሰሩን አቅፎ ወደ ቤቴ መጣ። ሳጥኑን የገዛው በዚያው ሳምንት ነበር። ሻጩ «በዚህ በኩል ወደ ሚክሰር ይሄዳል» ብሎ በጣቱ ብቻ አሳይቶታል። ልጁ ገመዱን የሰካው ግን ከጎኑ ባለው ስፒከር አውት ላይ ነው። ሚክሰሩን ስከፍተው የመጀመሪያው ቻናል ላይ አንዲት ቺፕ ተሰንጥቃለች፤ ዙሪያዋ ጠቁሯል፤ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታው ገና አልጠፋም። ያቺን ቺፕ ካየሁ ወዲህ ለማንም ሳጥን ሳስረክብ ስፒከር አውት ላይ ወረቀት ለጥፌ «ስፒከር ብቻ» ብዬ እጽፋለሁ።

ሦስተኛው፣ አምፑ በርቶ ሳለ ከአምፕ ወደ ሳጥኑ የሚሄደውን ገመድ አትንቀሉ፣ አትሰኩም። አጥፉ፣ ጥቂት ጠብቁ፣ ከዚያ ነካኩ።

1. ሳጥኑን አገላብጡና ጽሑፉን ገልብጡ

ጀርባውንና ታችኛውን ክፍል አንብቡ። ሞዴሉን፣ ኦሙን፣ የሚችለውን ዋት፣ የአዳፕተሩን ቮልት በወረቀት ጻፉ። በትዝታ አትሂዱ። ካፕተር በ4፣ በ8 እና በ16 ኦም ተለይቶ ነው የሚሸጠው፤ ሦስቱም በመልክ መንታ ናቸው። «8 መሰለኝ» ብሎ የሸጠ ሰው 16 ሆኖ ሲገኝ ዕቃውን መልሶ ይወስዳል።

ጽሑፉ ከተፋቀ ወይም ተለጣፊ ከሸፈነው ተለጣፊውን በቀስታ አንሱ። የኦም መምረጫ ያለው ሳጥን ከሆነ መምረጫው የት የት እንደሚቆም ጻፉ።

የአዳፕተሩንም ጽሑፍ እዩ። «100–240» ካለ እዚህም እዚያም ይሠራል። 120 ቮልት ብቻ ካለ ከአሜሪካ የመጣ ነው፤ የእኛ መብራት 220 ስለሆነ በቀጥታ ከተሰካ ይቃጠላል። ይህን በማስታወቂያው ላይ በግልጽ አስፍሩ። አዳፕተሩ ጠፍቶ ሌላ ገዝታችሁ ከሆነ ደግሞ ቮልቱ፣ አምፒሩና የፕላስ ማይነሱ አቅጣጫ ከሳጥኑ ጽሑፍ ጋር አንድ መሆኑን አረጋግጡ።

2. አጽዱት፣ ግን አትክፈቱት

ከሁሉም ነገር ነቅላችሁ ይቀዝቅዝ። አቧራውን በደረቅ ብሩሽ አንሱ፤ በተለይ የአየር ማስወጫ ቀዳዳዎቹን። ይህ ሥራ ለመልክ ብቻ አይደለም። ሳጥኑ የሚውጠውን ኃይል በሙሉ የሚያስወጣው በሙቀት ነው፤ ቀዳዳው ከተደፈነ የሚወጣበት የለም።

ጃክ መሰኪያዎቹ ውስጥ ትንሽ ኮንታክት ክሊነር ነፍታችሁ ጃኩን አሥር ጊዜ ያህል አስገቡ፣ አውጡ። ማዞሪያዎቹንም እንዲሁ ከጫፍ እስከ ጫፍ አዟዙሩ። ሲዞር «ክርርር» የሚል ማዞሪያ ገዢ ፊት ዋጋ ያስጥላል፤ ብዙ ጊዜ ግን ችግሩ አቧራ ብቻ ነው። ክሊነሩ ሳይደርቅ መብራት አታገናኙ።

ካቻቪቴ አታንሱ። ብሎኑ የተላጠ ሳጥን ያየ ገዢ «ተጠግኗል» ብሎ ይደመድማል።

3. ሳይበራ በቴስተር ለኩ

ከአምፕ የሚመጣው ገመድ በሚገባበት ቀዳዳ የስፒከር ገመድ ሰኩ። ሌላኛው ጫፍ ነፃ ይሁን። ቴስተሩን ኦም ላይ አድርጉ። መጀመሪያ ሁለቱን የቴስተር ጫፎች አነካኩና የሚያሳየውን ትንሽ ቁጥር ያዙ፤ የራሱ የገመዱ ነው፣ በኋላ ትቀንሱታላችሁ። ቀጥሎ አንዱን የጃኩ አፍንጫ ላይ፣ ሌላውን ግንዱ ላይ አሳርፉ።

ውስጡ ሬዚስተር ብቻ ያለው 8 ኦም ሳጥን ወደ 8 ይጠጋል። ሪአክቲቭ የሚባለው፣ ማለትም ውስጡ ጥቅል ሽቦ ኖሮት እንደ እውነተኛ ስፒከር የሚሠራው፣ ዝቅ ብሎ ሊያሳይ ይችላል። በዚህ አትደንግጡ። 8 ኦም የሚባል ተራ ስፒከርም በቴስተር ሲለካ ከ6 እስከ 7 አካባቢ ነው የሚያሳየው። የራሱ ሎድ የሌለው አተኑዌተር ከሆነ ግን ስፒከሩን ከሳጥኑ ጋር አገናኝታችሁ ለኩ፤ አለዚያ ቁጥሩ ትርጉም የለውም።

የሚያስፈራው ሁለት ውጤት ነው። ቴስተሩ ምንም ካላነበበ መስመሩ ተቋርጧል። ዜሮ አካባቢ ከሆነ ሾርት ነው። በሁለቱም ጊዜ አምፕ አታገናኙ፣ ወደ ጠጋኝ ውሰዱት። ሁለት ደቂቃ የሚፈጀው ይህ ልኬት አንድ ሙሉ አምፕ ያድናል።

4. አብርታችሁ ፈትኑ፣ ቪዲዮም ቅረጹ

ቅደም ተከተሉን አታዛንፉ።

አምፑ ጠፍቶ ሳለ ከአምፑ የስፒከር መውጫ ወደ ሳጥኑ በስፒከር ገመድ አገናኙ። ከሳጥኑ ስፒከር አውት ወደ ስፒከሩ በሁለተኛው የስፒከር ገመድ አገናኙ። አምፑ የኦም መምረጫ ካለው ከሳጥኑ ጋር አንድ አድርጉ። ቮልዩሙን ዜሮ ላይ አውርዱ። አሁን አብሩ። ቲዩቡ እስኪሞቅ ጠብቁ። ከዚያ እየተጫወታችሁ ቮልዩሙን ቀስ በቀስ ጨምሩ።

ስልኩን ቪዲዮ ላይ አድርጉና የአምፑ ማዞሪያ 6 ወይም 7 ላይ መሆኑን አሳዩ፤ ወዲያው ድምፃችሁን ሳትጨምሩ ተናገሩ። ጊታሩ ሙሉ ክራንች (አምፑ ሲከፈት የሚመጣውን ሻካራ ድምፅ) እያወጣ የሰው ንግግር ጎልቶ ከተሰማ ገዢው ሌላ ማስረጃ አይፈልግም። ዕቃው የሚገዛው ለዚሁ ነውና። ኮንዶሚኒየም ውስጥ ለሚኖር ጊታሪስት ይህቺ 30 ሰከንድ ቪዲዮ ከ10 ፎቶ ትበልጣለች።

20 ደቂቃ ያህል አጫውቱት። አጭር ፍተሻ የማያሳየው ችግር አለ፤ ሲቀዘቅዝ የሚሠራ፣ ሲግል የሚቋረጥ ብየዳ። በመሃል በመሃል ሳጥኑን በእጃችሁ ዳስሱ። ሙቅ መሆኑ የሥራው ጠባይ ነው። እጅ የማያስቀምጥ ከሆነ፣ የሚቃጠል ነገር ከሸተተ ወይም ድምፁ እየሄደ እየመጣ ከሆነ አጥፉ። ፋን ካለው መዞሩን አዳምጡ።

ገዢዎች ስለ ዴሲቤል ይጠይቃሉ። እንዲህ መልሱ፦ 20 ዴሲቤል ቅነሳ ማለት ኃይሉ ወደ መቶኛ ይወርዳል። 50 ዋት ግማሽ ዋት ይሆናል። ግማሽ ዋት ግን ዝምታ አይደለም፤ በአንድ ክፍል ውስጥ ደህና አድርጎ ይሰማል። «እንደ ሹክሹክታ ነው» ብላችሁ የሸጣችሁለት ሰው እቤቱ ሲሞክረው ይከፋዋል።

5. ሲሙሌተሩን ለብቻው ፈትኑ

ዲአይ ወይም ላይን አውት የሚለውን ቀዳዳ ከሚክሰሩ ወይም ከሳውንድ ካርዱ ጋር አገናኙ። ልብ በሉ፣ አሁንም አምፑ ከሳጥኑ ጋር እንደተገናኘ ነው። ከአንዳንዱ ሳጥን ዲአይ ድምፅ የሚወጣው አዳፕተር ሲሰካ ወይም ከሚክሰሩ 48 ቮልት ፋንተም (በማይክ ገመዱ በኩል የሚላክ ኃይል) ሲመጣለት ብቻ ነው። ድምፅ ካልወጣ «ተበላሽቷል» ከማለታችሁ በፊት ይህን እዩ።

አንድ አጭር ዜማ ምረጡና ሁለት ጊዜ ቅረጹ፤ አንዴ ሲሙሌተሩ በርቶ፣ አንዴ ጠፍቶ። በቴሌግራም ለሚጠይቋችሁ የምትልኩት ይህንን ነው። ሲሙሌተሩ ሲጠፋ ድምፁ እንደ ትንኝ ይጮሃል፣ ጆሮ ይበላል። ይህ ብልሽት አይደለም። የጊታር ስፒከር ከፍተኛውን የድምፅ ክፍል በራሱ ቆርጦ ያስቀራል፤ ስፒከሩ ከመንገዱ ሲወጣ ያ ሁሉ ጥሬውን ይመጣል። የማያውቅ ገዢ ይህን ሰምቶ ዕቃውን ጥሎ ይሄዳል። ሁለቱን ቅጂ ጎን ለጎን ካሰማችሁት ሲሙሌተሩ ምን እንደሚሠራ በጆሮው ይረዳል።

«እምምም» የሚል የመብራት ድምፅ ከተሰማ ግራውንድ ሊፍት የሚለውን ማብሪያ ሞክሩ። ካቆመ ለገዢውም አሳዩት።

6. ዲጂታል ከሆነ አካውንታችሁን አውጡ

በብሉቱዝ ወይም በዩኤስቢ የሚሠሩት ሳጥኖች ከባለቤቱ አካውንት ጋር ይያያዛሉ። ስልካችሁን አላቅቁ። ዕቃውን ከአካውንታችሁ ሰርዙ። ወደ ፋብሪካ ይዘቱ መልሱት። አብሮ የመጣ ሶፍትዌር ፈቃድ ካለ ለሌላ ሰው ይተላለፍ አይተላለፍ ለአምራቹ ጽፋችሁ ጠይቁ። የማይተላለፍ ከሆነ «ፈቃዱ የለም» ብላችሁ አስታውቁ። ይህን ያልሠራ ሻጭ በሳምንቱ «ኮድ ላክልኝ» የሚል ስልክ ይደወልለታል።

7. ፎቶ

በቀን ብርሃን፣ መስኮት አጠገብ፣ ያለ ፍላሽ። ከፊት፣ ከኋላ፣ ከታች፣ ከሁለቱ ጎን። የኦሙን ጽሑፍ በቅርብ። የአዳፕተሩን ጽሑፍ በቅርብ። ጭረት ካለ ጭረቱን ከሁሉ በቅርብ። ጭረት የደበቀ ሰው ሌላም ነገር ደብቋል ተብሎ ይጠረጠራል። የሴሪያል ቁጥሩን የመጨረሻ አኃዞች በሕዝብ ማስታወቂያ ላይ ሸፍኑ፤ ለቁምነገረኛ ገዢ በግል አሳዩ።

8. ዋጋ ቁረጡ

ከማስታወቂያ ዋጋ አትነሱ። ሰው የጠየቀው ዋጋና የተሸጠበት ዋጋ ይለያያሉ። ሪቨርብ በተባለው የሙዚቃ ዕቃዎች መሸጫ ድረ ገጽ ላይ ያንኑ ሞዴል ፈልጉና በእርግጥ የተሸጠበትን እዩ። መነሻችሁ እሱ ነው።

ከዚያ ወደ እኛ ገበያ አምጡት። የሚጨምርላችሁ ነገር አለ፤ ዕቃው እዚሁ ነው፣ ገዢው የማጓጓዣም የቀረጥም ጣጣ የለበትም፣ በጆሮው ሰምቶ ይገዛል። የሚቀንስባችሁም አለ፤ ቲዩብ አምፕ ያለው ሰው ጥቂት ስለሆነ ገዢውም ጥቂት ነው። አዳፕተር ከሌለ ዋጋው ይወርዳል። ኦሙ እዚህ ብዙ አምፕ የማይገጥመው ከሆነ ደግሞ ለመሸጥ ይቆያል።

ማስታወቂያውን ከመለጠፋችሁ በፊት ዝቅተኛውን ዋጋ በወረቀት ጻፉ። «መጨረሻው ስንት ነው?» የሚለው መልእክት ከሰላምታ ቀድሞ ይመጣል። ወረቀቱ ከሌለ በድካም ቀን ትሸነፋላችሁ። ዕቃውን ሳያይ መጨረሻ ዋጋ ለሚጠይቅ ሰው እኔ የምመልሰው አንድ ነው፤ «መጥተህ ስማው ወንድሜ፣ ከዚያ እንነጋገራለን።»

9. ማስታወቂያውን ጻፉ

ይህን ናሙና በራሳችሁ ዕቃ ልክ ቀይሩት፦

«ያገለገለ ቱ ኖትስ ቶርፒዶ ካፕተር፣ 8 ኦም። እስከ 100 ዋት አምፕ ይቀበላል። ወደ ስፒከር የሚወጣውን በ20 ዴሲቤል ይቀንሳል። ስፒከር ሲሙሌተር አለው፤ በቀጥታ ወደ ሚክሰር ወይም ሳውንድ ካርድ ይገባል። ለ2 ዓመት ስቱዲዮ ውስጥ ብቻ ተጠቅሜበታለሁ። ቀኝ ጎኑ ላይ ትንሽ ጭረት አለ፣ ፎቶው ላይ ይታያል። ካርቶኑ የለም። ተፈትኗል፤ ቪዲዮ እልካለሁ። ከመምጣታችሁ በፊት የአምፓችሁን ሞዴል ላኩልኝ።»

የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር አታስቀሩ። ለማየት ብቻ የሚመጣውን ሰው ትቀንሳለች፣ ለቀጣዩ ደረጃም በር ትከፍታለች።

10. የገዢውን አምፕ እወቁ

ከሁሉም ደረጃ የሚበልጥብኝ ይህ ነው። ገዢውን አራት ነገር ጠይቁ፦ አምፑ ምንድን ነው? ቲዩብ ነው ትራንዚስተር? የስፒከር መውጫው ስንት ኦም ነው? ስንት ዋት ነው? ሰውየው ካላወቀ የአምፑን ጀርባ ፎቶ አንስቶ ይላክ።

ፌንደር ብሉስ ጁኒየር አለኝ ካለ 15 ዋትና 8 ኦም ነው፤ 8 ኦም ሳጥን ይስማማዋል። ፌንደር ትዊን ሪቨርብ አለኝ ካለ ግን 85 ዋትና 4 ኦም ነው። ለዚህ ሰው 8 ኦም ሳጥን አትሽጡለት። አምፑ ከተሠራበት ኦም ውጭ ሲሠራ ቲዩቡና ትራንስፎርመሩ ይጨነቃሉ፣ ድምፁም ይለወጣል።

ሮላንድ ጄሲ 120 ዓይነት ትራንዚስተር አምፕ ይዞ የሚመጣም አለ። እውነቱን ንገሩት። አተኑዌተር የሚጠቅመው ቮልዩሙ ከፍ ሲል ድምፁ ለሚያምር ቲዩብ አምፕ ነው። የትራንዚስተሩን ግን ቮልዩሙን መቀነስ ይበቃዋል። አንድ ሽያጭ ታጣላችሁ፤ ሰውየው ግን ጓደኞቹን ይልክላችኋል። በእኔ ላይ ሲደርስ ስላየሁ ነው የምናገረው።

የዋቱም ነገር ሰፊ ይሁን። 50 ዋት የሚባል ቲዩብ አምፕ እስከ ጥግ ሲከፈት ከ50 በደንብ ያልፋል። ስለዚህ ለ50 ዋት አምፕ 50 ዋት ብቻ የሚችል ሳጥን አይበቃም፤ 100 የሚችለው ይሻላል። 100 ዋት የሚችል ሳጥን ላይ 100 ዋት አምፕ አስገብቶ እስከ 10 መክፈትም ለሳጥኑ ጥሩ አይደለም።

11. አገናኝታችሁ አስረክቡ

መብራት ያለበት፣ ሌላ ሰው ያለበት ቦታ ምረጡ። ስቱዲዮ ወይም የልምምድ ቤት ጥሩ ነው። ገዢው የራሱን አምፕ ይዞ ቢመጣ ይመረጣል። ግንኙነቱን እሱ ራሱ ይሥራ፣ እናንተ ቆማችሁ እዩ። በእጁ የሠራውን እቤቱም አይሳሳትም።

ክፍያው በቴሌብር ወይም በባንክ ከሆነ ስክሪንሾት ደረሰኝ አይደለም። በስልክ ተቀናብሮ ይሠራል። የጽሑፍ መልእክትም ከሌላ ቁጥር ሊላክ ይችላል። የራሳችሁን አፕ ከፍታችሁ ገንዘቡ መግባቱን በዓይናችሁ ካያችሁ በኋላ ብቻ ዕቃውን ልቀቁ። «ኔትወርክ ነው፣ ይገባል» ከተባለ አብራችሁ ቡና ጠጡና ጠብቁ።

«ያዝልኝ» ለሚል ሰው ቀብድ ይክፈል፤ እስከ መቼ እንደምትይዙለትም በጽሑፍ ተስማሙ። ያለ ቀብድ ያዝኩለት ያልነው ዕቃ እውነተኛውን ገዢ ያስመልጣል።

አንድ ገጽ ወረቀት ጻፉ። ቀኑ፣ የሁለታችሁ ስም፣ ሞዴሉ፣ ኦሙ፣ ሴሪያል ቁጥሩ፣ ዋጋው፣ «ፈትኜ በደህና ተረክቤያለሁ» የሚል ቃልና ፊርማ። ለእናንተ ብቻ አይደለም የሚጠቅመው፤ ገዢውም ነገ ሲሸጠው «ከየት አመጣኸው?» ቢባል መልስ አለው።

12. የሚላክ ከሆነ

ወደ ሐዋሳ ወይም ባሕር ዳር በአውቶቡስ የሚሄድ ዕቃ ከላዩ ምን እንደሚጫንበት አይታወቅም። ሳጥኑ ደግሞ ለመጠኑ ከባድ ነው። በስፖንጅ ጠቅልላችሁ በልኩ ካርቶን ውስጥ አስገቡ፤ ያንን ካርቶን በሚበልጥ ሌላ ካርቶን ውስጥ አድርጉና መሃሉን በተጨማደደ ወረቀት ሙሉ። ስትነቀንቁት ምንም መንቀሳቀስ የለበትም። ማዞሪያዎቹ ክብደት እንዳያርፍባቸው በወፍራም ስፖንጅ ከልሏቸው። አዳፕተሩን ለብቻ ጠቅልሉ፤ ልቅ ከሆነ በጉዞው ሁሉ ሳጥኑን እየመታ ይሄዳል። ስታሽጉ ቪዲዮ ቅረጹ፣ ሴሪያል ቁጥሩ ይታይ።

አሜሪካ ወይም አውሮፓ ሆናችሁ በሪቨርብ የምትሸጡም እንዲሁ አድርጉ። እዚያ ገዢው «እንደተገለጸው አይደለም» ብሎ መመለስ ይችላል፤ ስለዚህ የኦሙን ቁጥር በርዕሱ ላይ አስገቡ። የአገሩን ቮልት አትርሱ፤ አሜሪካ 120፣ አውሮፓ 230 ነው።

ደጋግሜ የማያቸው ስህተቶች

ኦሙን ሳይጽፉ መለጠፍ ዋናው ነው። በቀን 30 ሰው «ስንት ኦም ነው?» ብሎ ይጽፋል፤ የማይጽፈው 31ኛው ሰው ዝም ብሎ ገዝቶ ይሳሳታል።

በጊታር ገመድ መፈተን። «ለአምስት ደቂቃ ምን ይሆናል?» ይባላል። አምስት ደቂቃ ይበቃዋል።

ሳጥኑን አምፑ ላይ አስቀምጦ መፈተን። ሁለቱም ሙቀት ያወጣሉ፤ የታችኛው የላይኛውን ያግለዋል። ለብቻው ጠረጴዛ ላይ፣ አየር በሚያገኝበት ይቀመጥ።

የስፒከር ገመዱን በነፃ ጨምሮ አለመስጠት። ትንሽ ወጪ ናት። ትክክለኛ ገመድ ይዞ የሄደ ገዢ እቤቱ ሲደርስ ያገኘውን ገመድ አይሰካም።

ከሸጣችሁ በኋላ ስልክ ከተደወለ አንሱት። አብዛኛውን ጊዜ ጥያቄው «ከሚክሰሩ ድምፅ አይወጣም» የሚል ነው። መጀመሪያ አምፑን አጥፋ በሉት። ገመዱ ስፒከር አውት ላይ አለመሰካቱን ይይ። ከዚያ ሚክሰሩ ላይ 48 ቮልት የምትለዋን ቁልፍ ይጫን፣ መልሶ ያብራ። ስልኩን ሳትዘጉ ጠብቁ፤ ጊታሩ ሲሰማ ትሰማላችሁ።